ልጅን በአደራ መስጠት፦ የአዊ ወላጆችና የአዳሪ ትምህርት ቤት ምርጫ

አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ተማሪው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን መኝታውን፣ ምግቡን፣ የጥናት ሰዓቱንና የዕለት ተዕለት ጥበቃውን በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያገኝበት ተቋም ነው፤ በመሆኑም ልጁን ወደዚህ ተቋም የሚልክ ወላጅ የማስተማሩን ሥራ ለመምህራን ከመተው አልፎ የማስነሣቱን፣ የማብላቱን፣ የመቆጣቱንና የማጽናናቱን ኃላፊነት ጭምር ለሌላ ወገን ያስረክባል። በአማርኛ እንዲህ ላለው ርክክብ የቆየ ስም አለ፤ አደራ ይባላል። አደራ የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰውና ለተፈተነ ቤት ነው፤ አደራ ሰጪውም ከማስረከቡ በፊት የተቀባዩን ጠባይ፣ የቤቱን ሁኔታና የጎረቤቱን ምስክርነት ይመረምራል። በአማራ ክልል ካለው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሄድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ዓይነት ምርመራ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ዝናና በዓመታዊው የፈተና ውጤት ነው።

ይህ ሐተታ የሚያስረዳው አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ነው፦ በፈተና እያወዳደሩ ከሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መካከል ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አሳለፈ የሚለው ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ በተቀበላቸው ልጆች ላይ ምን ጨመረ፣ ይህ ልጅስ በዚያ ግቢ አራት ዓመት መኖር ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች መመለስ የሚቻለው ደግሞ ምርጫው የሚካሄድበትን አካባቢ፣ የአዳሪነትን ታሪክና ውጤት እንዴት እንደሚነበብ በመረዳት ነው።

የእሑድ ከሰዓት መንገድ

ዳንግላና እንጅባራ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጡ ከተሞች ሲሆኑ፣ ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የአስተዳደሩ ዋና ከተማ እንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በትምህርት ወራት እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ እነዚህ ከተሞች በሚያስገቡት የገጠር መንገዶች ላይ የሚታየው ትዕይንት ስለ አዳሪነት የሚደረገው ውይይት መነሻ ሊሆን ይገባዋል። ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በጀርባቸው ጆንያ፣ በእጃቸው ፌስታል ይዘው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይጓዛሉ፤ በጆንያው ውስጥ ለሳምንት የሚሆን እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድንች፣ አንዳንዴም ለማብሰያ የሚሆን ከሰል ይኖራል። ይህ ስንቅ እናት ቅዳሜ ሌሊት ተነሥታ የጋገረችው፣ ልጁም እስከ ዓርብ እንዲያደርሰው ቆጥቦ የሚበላው ነው።

እነዚህ ልጆች በከተማው ዳር ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ሆነው ተከራይተው ይኖራሉ፤ ተራ ገብተው ያበስላሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ በአንድ አምፖል ሥር ያጠናሉ፣ ዓርብ ሲደርስም ባዶውን ጆንያ ይዘው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ለብዙ የአዊ የገጠር ቤተሰብ ጥያቄው ልጁ ከቤት ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚል አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእግር ከሚደረስበት ርቀት ውጭ በሆነበት ቦታ ሁሉ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከቤት ይወጣል። ልዩነቱ ያለው ኪራይ ቤት ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪ ማደሩና በግቢ ውስጥ በተቆጣጣሪ ሥር ማደሩ ላይ ነው። በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ብቻዋን በኪራይ ቤት የምትኖር ታዳጊ ለጥቃት የተጋለጠች ከመሆኗም በላይ፣ የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት ሆኖ ሳለ ያለዕድሜ ጋብቻ ጨርሶ ባልጠፋበት ክልል ውስጥ የወላጅ ስጋት ትምህርቷን ሊያቋርጠው ይችላል።

እንግዲህ አዳሪ ትምህርት ቤትን የሚመዝን የአዊ ወላጅ ከፊቱ ያሉትን አማራጮች ሁሉ አስተካክሎ መቁጠር ይኖርበታል። በከተማ የሚኖር ቤተሰብ አዳሪ ትምህርት ቤቱን የሚያወዳድረው ከገዛ ቤቱ ጋር ነው፤ የገጠሩ ቤተሰብ ግን የሚያወዳድረው ከኪራዩ ክፍልና ከጆንያው ጋር ነው። ሁለቱ ሚዛኖች የተለያዩ ስለሆኑ ለአንዱ ቤተሰብ የማያዋጣ ትምህርት ቤት ለሌላው ትልቅ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ከአኩፋዳ እስከ መኝታ አዳራሽ

ለትምህርት ሲባል ከቤት መውጣት በጎጃም ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከዘመድ አገር ርቆ ይሄድና በየኔታ ደጅ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ፣ የዕለት ምግቡን ከመንደሩ እየለመነ ለዓመታት ይማር ነበር፤ ዛሬም የሚማር አለ። የዚህ ሥርዓት አንድ ባሕርይ ለዛሬው ወላጅ ትምህርት ይሰጣል፦ ተማሪው የሚመርጠው ሕንፃን ሳይሆን መምህርንና ሙያን ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ይወርዳል፤ ድጓ የፈለገ ጋይንት ወደሚገኘው ቤተልሔም፣ አቋቋም የፈለገም ወደ ጎንደር ይሻገራል። የየጉባኤ ቤቱ ዝና የቆመው ገብተው በወጡ ተማሪዎች ምስክርነት ላይ ሲሆን፣ ያ ምስክርነት መምህሩ ምን እንደሚያውቅ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያስተምርና ተማሪውን እንዴት እንደሚይዝ ጭምር ይናገር ነበር።

ዘመናዊው አዳሪ ትምህርት ቤት ከመንግሥት ፍላጎት ጋር የመጣ ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም.፣ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈቱ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከትለዋል። እነዚህ ተቋማት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጥሩ ውጤት ያመጡ ልጆችን በአዳሪነት በመቀበል ለአዲሱ ቢሮክራሲ የሚሆን የተማረ ኃይል ያዘጋጁ ነበር፤ ቆየት ብሎም በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡ ብርቱ ተማሪዎችን ከመላ አገሪቱ ያሰባስብ ነበር። ለአዊ ቅርብ በሆነችው ባሕር ዳር ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም በቴክኒክ ሙያ የሚሠለጥኑ ወጣቶችን ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ተቀብሏል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከእነዚህ ተቋማት ብዙዎቹ ስማቸውም ዓላማቸውም ተለወጠ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለምሳሌ የካቲት 12 ተባለ፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ግን በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር የቀድሞ ስሙን ይዞ ወደ ልጃገረዶች አዳሪነት ተመልሷል። ይህ ተመላልሶ የመጣ ፍላጎት የሚያመለክተው አዳሪ ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ለመመለስ የሚጠራ መሆኑን ነው፦ ትምህርት ለሁሉም በጥራት ማድረስ ባልተቻለበት ጊዜ ጥቂቶችን መርጦ በደንብ ማስተማር ይቻላል ወይ? ለመንግሥት ይህ የፖሊሲ ጥያቄ ነው፤ ለወላጅ ግን ልጁ ከጥቂቶቹ አንዱ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቅ የቤት ውስጥ ጭንቀት ነው።

ፉክክሩን ያከረረው ፈተና

ይህን ጭንቀት ያባባሰው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ፣ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። የማለፊያ ምጣኔው በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። መሻሻሉ የሚያበረታታ ቢሆንም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ አሁንም ከግማሽ በታች እንደሚያመጡ ያሳያል።

በዚህ ጨለማ ውስጥ አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ታዩ። ልዩ ትምህርት ቤት የሚባለው ተማሪዎቹን በነጥብ አወዳድሮ የሚቀበል፣ ብዙ ጊዜም በሳይንስና በሒሳብ ላይ የሚያተኩር ትምህርት ቤት ነው። አንድም ልጅ ካላለፈበት ትምህርት ቤት ጎን ብዙዎቹን ያሳለፈ ግቢ ሲጠራ የወላጅ ልብ ወደዚያው ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። በአዲሱ የትምህርት መዋቅር ከ1ኛ እስከ 6ኛ መጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ በመሆኑ፣ የምርጫው ሰዓት የሚደርሰው ልጁ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በወሰደበት ክረምት ነው። አመልካቹ የክፍል ውጤቱንና የ8ኛ ክፍል ውጤቱን ያቀርባል፤ ከዚያም እንደ ትምህርት ቤቱ ሥርዓት የመግቢያ ፈተና ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚፈጸም ውሳኔው በጥድፊያ ይሰጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለውም በጥድፊያ የተሰጠ ውሳኔ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲፈርስ ይታያል።

ርቀትና አየር፣ መንገድና ሰላም

ከአዊ የሚነሣ ልጅ የሚያመለክትባቸው ቦታዎች በባሕርያቸው ይለያያሉ። በቅርብ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስቴም ትምህርት ቤት ነው፤ ስቴም የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርቶችን በአንድ አቀናጅቶ፣ በቤተ ሙከራና በተግባር የማስተማር ዘይቤ ሲሆን፣ ወደዚያ የሚገቡት በውድድር ተመርጠው ነው። በወሎ የደሴ ልዩ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በደብረ ብርሃን ደግሞ የሊቁ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ርብቃ ኃይሌና ባለቤቷ ዣን ማናስ የመሠረቱት፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ ይገኛል፤ ይህ የግል ተቋም ተማሪዎችን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች በፈተና የሚቀበልና መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ነው። በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የልጃገረዶችና የገላን የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤቶች በከተማ አስተዳደሩ የሚተዳደሩ በመሆናቸው ለማን ክፍት እንደሆኑ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጣራ የሚገባውም ይኸው የተቀባይነት ወሰን ነው፤ ልጁ የማይወዳደርበትን ትምህርት ቤት ሲያልም ክረምቱ ማለፍ የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው መንገድ ነው። ባሕር ዳር ከእንጅባራ በግማሽ ቀን ደርሶ የሚመለሱባት ከተማ ስትሆን፣ ደብረ ብርሃን ግን በአዲስ አበባ በኩል ተዙሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ደሴም ወይ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር አድርጎ በወልድያ፣ ወይ በአዲስ አበባ ተዙሮ የሚደረስበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በዘለቀው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ መንገዶችም በተደጋጋሚ ተቋርጠዋል፣ ስልክና ኢንተርኔት የጠፋባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ስለዚህ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ልጁ ቢታመም ወላጅ በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ መንገድ ቢዘጋ ልጁን የሚቀበል ዘመድ በዚያ ከተማ አለ ወይ፣ ትምህርት ቤቱስ በዕረፍት ጊዜ መሄድ ያልቻሉ ተማሪዎችን በግቢው ያቆያል ወይ በሚሉት ጥያቄዎች ጭምር ይለካል። በሌላ በኩል በአካባቢው ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ትምህርቱ ያልተቋረጠበት ሩቅ ግቢ ከቅርቡ የተሻለ ዋስትና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ወላጆች እምብዛም የማያነሡት ሌላው ጉዳይ አየር ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀርቀሃ የሚበቅልባት፣ ብርድና ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከጣና ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃትና ወባ የሚያሰጋት ናት። ከደጋ የሄደ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት የሰውነት ልምድ ስለማይኖረው ከመጽሐፍ በፊት አጎበር ሊገዛለት፣ ትኩሳት ሲሰማው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ሊነገረው ይገባል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ግን የሚያውቀው ብርድ ስለሚጠብቀው ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃዋል።

ወጪውም በወር ክፍያ ብቻ አይሰላም። በመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ማደሪያና ምግብ ቢሸፈን እንኳ አንሶላ፣ የደንብ ልብስ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ ከቤት ይጠበቃሉ። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ብዙ ገበሬዎች ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ይተክላሉ፤ ዛፉ ተተክሎ ለከሰል እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። ይህ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ነው። በአንድ ክረምት ደን የሚተክል ቤተሰብ የአራት ዓመት ሐሳብ ማሰብን ያውቅበታል ማለት ነው፤ የልጁንም ወጪ በዚያው ዓይነት፣ ከመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ አልፎ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

ከኮርቻው ሥር ያለው ፈረስ

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል ፈረሶቹ በሽልማት አጊጠው ሲወጡ ተመልካቹ ዓይኑን የሚጥለው በጌጡ ላይ ነው። ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ኮርቻውን አስወርዶ ጥርሱን ያያል፣ ኮቴውን ያነሣል፣ እግሩን ያስረግጣል። የትምህርት ቤት ውጤትም እንደዚሁ ኮርቻው ወርዶ መታየት አለበት።

ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ቤት ከሁለት ሺህ አመልካቾች መቶውን ብቻ ቢቀበል፣ እነዚህ መቶ ልጆች ከመጀመሪያውም በሌላ ትምህርት ቤት ሊያልፉ የሚችሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሁሉም ሲያልፉ ውጤቱ የመምህራኑ ነው ወይስ የምርጫው? ይህ በትምህርት ጥናት የምርጫ አድልዎ የሚባለው ችግር ሲሆን፣ ሊለካ የሚገባው ግን ትምህርት ቤቱ ልጁ ይዞት በመጣው ዕውቀት ላይ የጨመረው መጠን ነው።

ጥያቄው በሌሎች አገሮች ተመርምሯል። አቲላ አብዱልቃድሮግሉ፣ ጆሹዋ አንግሪስትና ፓራግ ፓታክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በቦስተንና በኒው ዮርክ በፈተና የሚያስገቡ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችን ተመልክተዋል። ዘዴያቸው ቀላልና ብልህ ነበር፦ የመግቢያውን ነጥብ በጥቂት ያለፉትንና በጥቂት ያመለጣቸውን ልጆች አነጻጸሩ፤ ሁለቱ ቡድኖች በችሎታ የሚቀራረቡ ስለሆኑ ኋላ የሚታየው ልዩነት የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ያገኙት ልዩነት እጅግ አነስተኛ ነበር። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው የአድሪየን ሉካስና የአይዛክ ምቢቲ ጥናት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የታተመው ይህ ሥራ የኬንያን ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በአንደኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ከመላ አገሪቱ ምርጥ ተማሪዎችን የሚሰበስቡትን ታላላቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መርምሮ፣ በመግቢያው ነጥብ አካባቢ ላሉ ተማሪዎች በማጠቃለያ ፈተና ውጤታቸው ላይ ያን ያህል የሚታይ ጭማሪ አላገኘም።

እነዚህ ግኝቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አይጠቅምም የሚል ትርጉም የላቸውም። በቦስተንና በኬንያ ነጥቡ ያመለጠው ልጅ የሚሄድበት ሌላ ደህና ትምህርት ቤት ነበረው፤ በአዊ ገጠር ግን ነጥቡ ያመለጠው ልጅ የሚመለሰው ወደ ጆንያውና ወደ ኪራዩ ክፍል፣ ምናልባትም ላቦራቶሪ ወደሌለው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ትምህርት ይህ ነው፦ በሁለት ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የዝና ልዩነት በልጁ ዕድል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ወላጅ እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም፤ በአዳሪ ትምህርት ቤትና አማራጭ በሌለው ኑሮ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ሊሆን ይችላል። ሁለት የመግቢያ ደብዳቤ በእጁ የያዘ ቤተሰብ አንዱ ከሌላው በውጤት በጥቂት ይበልጣል ብሎ ልጁን ወደ ሩቅ ከመስደዱ በፊት ይህን ሊያስብ ይገባል።

«እሺ አባዬ» ምን ማለት ነው?

በምርጫው ሂደት እምብዛም የማይሰማው የልጁ ድምፅ ነው። በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ አባቱ «ደሴ ትሄዳለህ» ሲለው «እሺ አባዬ» ይላል፤ ይህ እሺታ የአክብሮት እንጂ የፈቃድ ምልክት ላይሆን ይችላል። ልጁ የሚፈራውን ለአባቱ አይናገርም፤ ለታላቅ እኅቱ፣ ለአክስቱ ወይም ለሚወደው መምህር ግን ይናገራል። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ልብ ማወቅ ሲፈልግ በእነዚህ ሰዎች በኩል ማስጠየቁ፣ ውሳኔውንም ከዚያ በኋላ ማድረጉ ከድካም ያድናል።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በፈረንሳይ ከፓሪስ ብዙም በማትርቅ ሱርደን በምትባል ቦታ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በዕጣ ስለተቀበለ፣ ሉክ ቤሃጌልና ባልደረቦቹ የገቡትንና ዕጣው ያልወጣላቸውን ለማነጻጸር ችለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያሳየው በመጀመሪያው ዓመት የአዳሪዎቹ የደስታና የመረጋጋት ስሜት ዝቅ ያለ፣ ውጤታቸውም ያልተሻሻለ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የሒሳብ ውጤታቸው በግልጽ ጨመረ፣ ጭማሪውም በዋናነት ሲገቡ ጠንካራ በነበሩት ላይ ታየ። ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል፦ የመጀመሪያው ዓመት እንባ የውድቀት ምልክት አይደለም፤ አዳሪነትም ለሁሉም ልጅ እኩል አይጠቅምም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የደረጃ ጉዳይ ነው። በዳንግላ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ በልዩ ትምህርት ቤት ሁሉም አንደኞች በሆኑበት ክፍል ውስጥ ሠላሳኛ ሊወጣ ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች እንዳሳየው ተማሪ ስለ ችሎታው ያለው እምነት የሚቀረጸው ራሱን በአጠገቡ ካሉት ጋር በማነጻጸር ነው፤ ዕውቀቱ ሳይቀንስ በራሱ ላይ ያለው እምነት ሊቀንስ ይችላል። ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካወቀ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲያይ አይቆጣም።

ለአዊ ልጅ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። በአስተዳደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተናጋሪዎቹ አውጚ የሚሉት አዊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል፤ በአማርኛ የሌለውን የአፍንጫ ድምፅ ለመጻፍም ጝ የተባለችው ፊደል ታገለግላለች። ይህችን ፊደል በልጅነቱ የጻፈ ልጅ ሦስተኛ ቋንቋ የሆነው እንግሊዝኛ ብቸኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነበት፣ አዊኛ የሚያናግረው ሰው በሌለበት ግቢ ውስጥ ሲገባ ዝምታው የስንፍና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለአዲስ ገቢዎች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጣል ወይ፣ ከአዊ የሄዱ ነባር ተማሪዎችስ አሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዛሬ እንጅባራ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረው ከዚህ ተቋም መምህራንና ተማሪዎች መካከል በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎችን ፈልጎ ማነጋገር ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ መረጃ ይሰጣል።

ግቢውን ማየት

አደራ ተቀባይ በዓይን ይታያል። የሚቻል ከሆነ ወላጅ ልጁን ይዞ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ቀን፣ በተለይም በምሳ ሰዓት ግቢውን መጎብኘት ይኖርበታል። መማሪያ ክፍልን ለእንግዳ ማሳመር ቀላል ነው፤ የመጸዳጃ ቤትን፣ የውኃ ቧንቧንና የመኝታ አዳራሽን ግን በአንድ ቀን ማሳመር አይቻልም። በአንድ ክፍል ስንት አልጋ አለ? ሌሊት መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ሌሊት የሚታመምን ልጅ ማን፣ በምን መኪና፣ ወደ የትኛው ጤና ተቋም ያደርሰዋል? በጾም ወራት የጾሙ፣ በሌላ ጊዜም የእምነቱ ሥርዓት የሚከበርለት ምግብ አለ? ወላጅ በስልክ የሚያገኘው በየስንት ቀኑ ነው?

ለሴት ልጅ ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ። የሴቶች ማደሪያ ከወንዶቹ ተለይቶ የታጠረ ነው? የማደሪያው ተቆጣጣሪ ሴት ናት? ከመጸዳጃው እስከ መኝታው ያለው መንገድ ሌሊት ብርሃን አለው? የወር አበባ መጠበቂያና የምትታጠብበት ውኃ ታገኛለች? በደል ቢደርስባት ሳትፈራ የምትነግራት የተመደበች መምህርት አለች? እነዚህን ጥያቄዎች በግልጽ የሚመልስ ርእሰ መምህር ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ይነግራል፤ በጥያቄው የሚቆጣ ርእሰ መምህርም እንዲሁ ብዙ ይነግራል። ከግቢው ሲወጣ ወላጅ ልጁን ምን አየህ፣ ምን አየሽ ብሎ ቢጠይቅ ራሱ ያላየውን ነገር ይሰማል፤ ልጆች የሚያዩት የተማሪዎችን ፊት ነውና።

መናኸሪያው ላይ የሚባል ቃል

ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ጉዳይ ሳይነሣ ይህ ርእስ አይዘጋም። ተመርጠው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በዳንግላና በእንጅባራ፣ በቻግኒና በአዲስ ቅዳም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይቀራሉ። ብርቱዎቹ ልጆች ሲወጡ የቀረው ክፍል ጥያቄ የሚጠይቁለትንና ጎረቤታቸውን የሚያስረዱለትን ልጆች ያጣል። ስለዚህ አዳሪ ትምህርት ቤትን የሚመኝ ማኅበረሰብ የቀሩት ልጆች የኪራይ ክፍል በመምህርና በወላጅ ኮሚቴ እንዲጎበኝ፣ በከተማው ውስጥ አንድ የማታ ማጥኛ ክፍል መብራት እንዲኖረው ማድረግ አብሮ ሊያስብበት ይገባል። ከአንድ ጆንያ ስንቅ የሚካፈሉ አራት ልጆች ያለ ፉክክር የሚደርሳቸው ድጋፍ ይኸው ነው።

የሚሄደውን ልጅ በተመለከተ ደግሞ ከስንቁና ከብርድ ልብሱ ጋር ሊታሰርለት የሚገባ አንድ ነገር ይቀራል። ለአዳሪ ትምህርት ቤት የተመረጠ ልጅ በመንደሩ ስሙ ይጠራል፣ ጎረቤት ይመርቀዋል፣ ታናናሾቹ ይኩራሩበታል፤ ይህ ክብር ልጁ በዚያ ሳይመቸው ሲቀር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያስር ገመድ ይሆናል። ታምሞም፣ ተበድሎም፣ አልሆንለት ብሎም «ተመለሰ» እንዳይባል ዝም ብሎ የሚቀር ልጅ አለ። ከዚህ ክብር ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የወላጁ ቃል ነው፤ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ መናኸሪያ አውቶቡሱ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተቀመጠበት ሊነገረው ይገባል፦ «በርታ፤ ካልሆነልህ ግን ንገረን፣ ትመለሳለህ፤ ቤትህ ነው።» ይህን የሰማ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ብርድ የመቻል ዕድሉ ይሰፋል፤ ወላጁም ልጁን በአደራ ሰጠው እንጂ አልጣለውም።